ከሩቅ መምታት በትምህርት ነው
የአደን ቀስት ታሪክ ምን ይነግረናል?

ስለ ቀስተኞች ወሬ ሲነሣ ዘወትር የምንሰማው አንድ አባባል አለ። «እነርሱ እኮ ሲወለዱም ቀስተኛ ሆነው ነው» ይባላል። አባባሉ የዛሬ አይደለም። የጥንት ግብፃውያን በስተደቡባቸው ያለውን የኑቢያን ምድር «ታ ሴቲ» ይሉት ነበር፤ የቀስት አገር ማለት ነው። የዐረብ ጦር በሰባተኛው መቶ ዓመት ግብፅን ይዞ ወደ ዶንጎላ በዘለቀ ጊዜ ደግሞ የኑቢያ ቀስተኞች ዓይን ዓይኑን እያሉ ስለወጉት «ዓይን ወጊዎች» ብሎ ሰየማቸው። ያ ጦርነት በ652 ዓ.ም. «ባቅጥ» በሚባለው ውል ተቋጨ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ይህን ችሎታ ከእናታቸው ማኅፀን ይዘውት ወጡ እንበልን? የምድር ቁፋሮ አጥኚዎች በመርዌና በሰሜን ኑቢያ መቃብሮች ውስጥ ከድንጋይ የተቦረቦሩ የአውራ ጣት ቀለበቶች አግኝተዋል። ቀለበቱ ለጌጥ የተሠራ አይደለም። ቀስተኛው አውታሩን በአውራ ጣቱ ሲስብ ጣቱ እንዳይቆረጥና አውታሩ ያለ መንተፋተፍ እንዲለቀቅ የሚረዳ መሣሪያ ነው። ደም ብቻውን ቀስተኛ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ቀለበት ባላስፈለገ ነበር። አንድ ሰው አሰበው፣ ሌላው ጠርቦ አስተካከለው፣ ሦስተኛው ለልጁ አሳየው። ትምህርት የምንለው ይኸው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የአደን ቀስት ከሩቅ ሆኖ ዒላማውን እንዲያገኝ ሰዎች በምን በምን መንገድ እንደደከሙ እናያለን። ከዚያም ይህ ችሎታ በየቦታው ለምን እንደጠፋና እንዴት እንደተገኘ እንመለከታለን። ነገሩ ለኛ ሩቅ መስሎ ቢታይም ሩቅ አይደለም።

በመጀመሪያ ሩቅ ለምን እንደሚያስቸግር እንረዳ። ቀስት ማለት የተለጠጠ እንጨትና የተወጠረ አውታር ነው። እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበትን ደጋን ያየ ሰው የቀስትን ነገር ግማሹን ያውቀዋል። ክንድ እንጨቱን ሲያጎብጠው ድካሙ በእንጨቱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ አውታሩ ሲለቀቅ ያ የተጠራቀመ ኃይል በአንድ ጊዜ ለፍላጻው ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ፍላጻው የቀስተኛው አይደለም፤ የነፋስና የመሬት ነው።

እስቲ በሰሌዳ ላይ እንደምናደርገው ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። አንድ ፍላጻ በሴኮንድ 50 ሜትር ይሄዳል እንበል። ይህ ለጥሩ የእንጨት ቀስት የሚቀርብ ፍጥነት ነው። የአየሩን መጎተት ለጊዜው እንተወው። ፍላጻው 20 ሜትር ለመሄድ 0.4 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ በዚያን ጊዜ ውስጥ መሬት 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ትጎትተዋለች። 40 ሜትር ሲሆን ጊዜው 0.8 ሴኮንድ፣ ውድቀቱ 3 ሜትር ከ20 ነው። 60 ሜትር ሲሆን ጊዜው 1.2 ሴኮንድ፣ ውድቀቱ 7 ሜትር ከ20 ይደርሳል። ልብ በሉ፤ ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ውድቀቱ አራት እጥፍ፣ ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ውድቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ሆነ። ቀስተኛው ይህን ለማካካስ ፍላጻውን ከፍ አድርጎ ይወረውራል። ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ ለማወቅ ግን ርቀቱን ማወቅ አለበት።

ታዲያ ርቀቱን በ5 ሜትር ቢስትስ? 25 ሜትር ላይ ያለውን እንስሳ 20 ነው ብሎ ቢወረውር ፍላጻው ካሰበው ቦታ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። 45ን ሜትር 40 ቢለው 45 ሳንቲ ሜትር፣ 65ን 60 ቢለው 65 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። የእጅ ስሕተትም እንዲሁ ነው። አቅጣጫው አንዲት ዲግሪ ብቻ ብትዛነፍ በ20 ሜትር 35 ሳንቲ ሜትር፣ በ40 ሜትር 70፣ በ60 ሜትር ከ1 ሜትር በላይ ይስታል። የአንድ ድኩላ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ግን ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ከሩቅ የሚመታ ሰው ጉልበታም ብቻ ሆኖ አይበቃውም። ርቀት ገማች፣ ነፋስ አንባቢ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬ ያደረገውን ነገ ሳይጨምር ሳይቀንስ መድገም የሚችል መሆን አለበት።

ይህን በሚገባ ተረድቶ በሕግ ያስከበረ መንግሥት ነበር። የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ በ1363 ዓ.ም. ጤነኛ ወንድ ሁሉ በበዓል ቀን ኳስና የዶሮ ማዋጋት ጨዋታ ትቶ ቀስት እንዲለማመድ አዘዘ። ሄንሪ 8ኛ በ1541 ያወጣው ሕግ ደግሞ ይበልጥ የጠበቀ ነበር። ከ7 እስከ 17 ዓመት ወንድ ልጅ ያለው ቤት ለልጁ አንድ ቀስትና ሁለት ፍላጻ እንዲያኖርለት ያዝዛል። ዕድሜው 24 የሞላ ሰው ደግሞ ከ220 ያርድ፣ ማለት ከ200 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ በሩቅ መወርወሪያ ፍላጻ እንዳይለማመድ ይከለክላል። አዋቂ ሰው በቅርብ ዒላማ ራሱን እንዳያታልል ማለት ነው።

ግን ሕግ ብቻውን አያስተምርም። በ1549 ዓ.ም. ሂዩ ላቲመር የተባለው ሰባኪ በንጉሡ ፊት ሲሰብክ የገዛ አባቱ ቀስት እንዴት እንዳስተማረው ተናግሮ ነበር። አባቱ በክንድ ጉልበት ብቻ እንዳይስብ፣ መላ ሰውነቱን በቀስቱ ላይ እንዲጥል አሳየው። ቀስቱም እንደ ዕድሜውና እንደ ጉልበቱ እየተለካ ይገዛለት ነበር፤ እርሱ ባደገ ቁጥር ቀስቱም አብሮ ያድጋል። በጎ አስተማሪ ሁሉ የሚያደርገው ይኸንኑ አይደለምን? ሕፃኑን የአዋቂ ሸክም አያሸክመውም፤ አዋቂውንም በሕፃን ሸክም አያኖረውም።

ከሁሉ በላይ ግን ልናነሣው የሚገባን ሮጀር አስከም ነው። አስከም ወታደር አልነበረም፤ አዳኝም አልነበረም። የካምብሪጅ መምህር ነበር። በኋላም ንግሥት የሆነችውን ኤልሳቤጥን በልጅነቷ አስተምሯታል። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆን፣ በ1545 ዓ.ም. «ቶክሶፊለስ» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ አንድ ትምህርት ወዳድና አንድ ቀስት ወዳድ የሚነጋገሩበት ነው። በዚያን ዘመን የተማረ ሰው በላቲን ይጽፍ ነበር። አስከምም በላቲን መጻፍ ይቀልለውና ይበልጥ ያስመሰግነው ነበር። እርሱ ግን የእንግሊዝን ነገር ለእንግሊዝ ሰዎች በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ ብሎ ጻፈው። ገበሬው የማይሰማውን ትምህርት ለገበሬው መጻፍ ከንቱ ድካም መሆኑን ተረድቶት ነበር።

አስከም የቀስትን ሥራ በአምስት ከፈለው። አንደኛ አቋቋም፣ ሁለተኛ ፍላጻውን በአውታሩ ላይ ማስገባት፣ ሦስተኛ መሳብ፣ አራተኛ ስቦ ማቆየት፣ አምስተኛ መልቀቅ። ዛሬ ይህ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከእርሱ በፊት «ተመልከትና እንደኔ አድርግ» ብቻ ይባል ለነበረው ነገር ስም አወጣለት። ስም ያለው ነገር ይታረማል። «አልመታህም» የተባለ ልጅ ምን እንደሚያስተካክል አያውቅም። «አቋቋምህ ደኅና ነው፤ ስትለቅ ግን እጅህ ወደ ፊት ይሸሻል» የተባለ ልጅ ግን ነገ የሚሠራው ሥራ አለው። ዓይንም ከዒላማው ላይ እንዳይነቀል አጥብቆ ያስተምራል።

አስከም ስለ ነፋስ የጻፈው ደግሞ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚደነቅ ነው። አንድ ቀን በሰሜን እንግሊዝ፣ በቶፕክሊፍና በበሮብሪጅ መካከል በፈረስ ሲሄድ ምድሩ በበረዶ ተሸፍኖ ነበር። ቀኑ ብራ ነው፤ ነፋሱ የላላውን በረዶ እያነሣ ይወስደዋል። ዓይን የማያየውን ነፋስ በዚያ ቀን በበረዶው ላይ አየው። ነፋሱ እንደ አንድ ወንዝ የሚፈስ አልነበረም። በአንድ በኩል በረዶው ሲበር በሌላው በኩል ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ አንድ ጊዜ ይፈጥናል፣ አንድ ጊዜ ይዘገያል፣ አንድ ጊዜ ይሽከረከራል። በዚህ ሁሉ መካከል የሚያልፍ ፍላጻ ቢስት ምን ይገርማል አለ። በረዶ በሌለበት በኛ ሠፈር አቧራው ይህንኑ ያሳያል። ከሰዓት በኋላ አቧራ ሲነሣ ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ቀስተኛው በቆመበት ያለው ነፋስና ዒላማው ባለበት ያለው ነፋስ አንድ አለመሆኑን ወዲያው ይረዳል።

አስከም መጽሐፉን ባሳተመበት በዚያው ዓመት፣ በሐምሌ ወር፣ «ሜሪ ሮዝ» የተባለች የንጉሡ የጦር መርከብ ከነሰዎቿ ሰጠመች። በ1982 ዓ.ም. ከባሕር ስትወጣ ከውስጧ ከ130 በላይ ያልተሰበሩ ቀስቶችና ከ3500 የሚበልጡ ፍላጻዎች ተገኙ። ከሰዎቹም አፅም ውስጥ በአንዳንዶቹ ላይ የትከሻ አጥንት ጫፍ ሳይጋጠም ቀርቶ ታየ። ሊቃውንት ይህን ከልጅነት ጀምሮ ከባድ ቀስት ከመሳብ ጋር ያያይዙታል። ትምህርቱ በአጥንት ላይ ተጽፎ ተገኘ ማለት ነው።

ይሁንና ይህ ሁሉ ጠፋ። በ1595 ዓ.ም. የኤልሳቤጥ መንግሥት አማካሪዎች ጉባኤ የሠለጠኑት ጭፍሮች ቀስትን ትተው ጠመንጃ እንዲይዙ አዘዘ። በመጀመሪያው ዘመን ጠመንጃ ከቀስት ይልቅ በትክክል ስለሚመታ አይደለም ቀስት የተሸነፈው። ጠመንጃ ይዞ መሰለፍን በጥቂት ሳምንት ማስተማር ይቻላል። ቀስተኛ ለማድረግ ግን ከሕፃንነት መጀመር ያስፈልጋል። አባት ለልጁ እንደ ዕድሜው ቀስት መለካቱን ሲያቆም፣ ያ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ የሚመታ ክንድ ከአንድ ትውልድ በላይ አልቆየም። እንጨቱ በየጫካው ነበረ፤ መጽሐፉም በየመደርደሪያው ነበረ። ያልነበረው በመካከላቸው የሚቆም አስተማሪ ነው።

ቀስት በእንግሊዝ ከዚያ በኋላ የባላባቶች ጨዋታ ሆኖ ቀረ። ከ250 ዓመት በላይ ቆይቶ ግን ሆራስ ፎርድ የተባለ ሰው አንድ ትልቅ ነገር አገኘ። በ1856 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ያ የጥንቱ አውታርን እስከ ጆሮ የመሳብ ልማድ ለጨዋታ ዒላማ እንቅፋት ነው አለ። ለምን ቢሉ፣ ፍላጻው በጆሮ በኩል ሲያልፍ ከዓይን መስመር ወደ ጎን ይወጣል። ዓይን ወዲህ፣ ፍላጻ ወዲያ ይመለከታል። ስለዚህ አውታሩን ከዓይን በታች ማምጣት፣ ፍላጻውም ልክ ከሚያነጣጥረው ዓይን ሥር እንዲሆን ማድረግ ይገባል አለ። ራሱ በ1857 ዓ.ም. ባደረገው ውድድር ከ100፣ ከ80ና ከ60 ያርድ በተወረወሩ ፍላጻዎች 1251 ነጥብ አገኘ። ለብዙ አሥርተ ዓመታት ማንም አልደረሰበትም። ፎርድ ከአባቶቹ የበለጠ ጉልበት አልነበረውም፤ ቀስቱም ከ«ሜሪ ሮዝ» ቀስቶች እጅግ የቀለለ ነበር። የበለጠው በአንድ ነገር ነው፤ እጁ በየጊዜው ተመልሶ የሚያርፍበት አንድ የተወሰነ ቦታ ነበረው። ዛሬም ከሩቅ መምታት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ይህን ነው። አውታሩ ዛሬ አገጭ፣ ነገ ጉንጭ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ፍላጻው ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ይወድቃል።

እስካሁን ያነሣነው ግን ቆሞ የሚጠብቅ ዒላማ ነው። እንስሳ አይጠብቅም። ስለ አደን ቀስት ከሁሉ በላይ ያስተማረ ሰው ደግሞ አገሩን፣ ወገኑንና ቋንቋውን የሚናገርለት ሰው ሁሉ ያጣ ነበር። በነሐሴ 1911 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ በኦሮቪል ከተማ አጠገብ፣ ከአንድ የከብት ማረጃ ግቢ ውስጥ አንድ የተራበ ሰው ተገኘ። ያሂ ከተባለው ሕዝብ የቀረ የመጨረሻው ሰው ነበር። ወገኖቹን ነጮች ሠፋሪዎች ከብዙ ዓመት በፊት ጨፍጭፈው ጨርሰዋቸዋል፤ የተረፉት ጥቂቶችም በተራራ ውስጥ ተደብቀው አንድ በአንድ አልቀዋል። ስሙን ሲጠይቁት አልተናገረም። በወገኑ ልማድ ሰው የራሱን ስም ለማያውቀው አይናገርምና። እነርሱም «ኢሺ» አሉት፤ በእርሱ ቋንቋ ሰው ማለት ነው።

ኢሺ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተወስዶ በዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ኖረ። በአጠገቡ ባለው የሕክምና ትምህርት ቤት የሚሠራ ሳክስተን ፖፕ የሚባል ሐኪም ሲያክመው ወዳጁ ሆነ፤ ከዚያም ደቀ መዝሙሩ ሆነ። ሐኪሙ ከሐኪም ቤቱ እየወጣ ቀስት እንዴት እንደሚጠረብ፣ ጅማት እንዴት እንደሚለጠፍበት፣ ላባ እንዴት እንደሚታሰር ከኢሺ ተማረ። በሩቅ ቆሞ በክብ ዒላማ ላይ መወርወር ሲሆን ፖፕ ውሎ አድሮ ኢሺን በለጠው። ወደ ጫካ ሲገቡ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኢሺ የነፋሱን አቅጣጫ ሳያውቅ እርምጃ አያነሣም። ቁጢጥ ብሎ ይጠብቃል። የተጨነቀች ጥንቸል ድምፅ እያሰማ አውሬውን ወደ ራሱ ይጠራል። ሩቁን ዒላማ የሚመታው ቅርብ በማድረግ ነው።

ይህ ለምን እንዳስፈለገ ያው ሒሳባችን ይነግረናል። ፍላጻ 60 ሜትር ለመሄድ 1.2 ሴኮንድ ይፈጅበታል ብለናል። የአውታሩ ድምፅ ግን 60 ሜትሩን ከ0.2 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። እንግዲህ ድኩላው የአውታሩን ድምፅ ከሰማ በኋላ አንድ ሴኮንድ ሙሉ ይተርፈዋል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ እርምጃ ከተራመደ ልቡን ያነጣጠረ ፍላጻ ሆዱን ይወጋል። የቆሰለው እንስሳ ጫካ ገብቶ በሥቃይ ይሞታል፤ አዳኙም ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ሩቅ መምታት የሚችል ሰው ሁሉ ከሩቅ መወርወር የለበትም። ችሎታ የምንለው የራስን ልክ ማወቅንም ይጨምራል።

ኢሺ በመጋቢት 1916 ዓ.ም. በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። በአገሩ ከኖረው ጊዜ ጋር ሲነጻጸር በሙዚየሙ የኖረው ጊዜ አምስት ዓመት እንኳ አይሞላም። ፖፕ ግን የተማረውን ይዞ አልተቀመጠም። በ1918 ስለ ያሂ ሕዝብ የቀስት ጥበብ፣ በ1923 ደግሞ በቀስት ስለ ማደን መጽሐፍ አሳተመ። በ1925 ወደ ታንጋኒካ መጥቶ ከባልንጀሮቹ ጋር አንበሳ በቀስት አድኗል። ዛሬ በአሜሪካ በቀስት የሚያድነው ብዙ ሰው የፖፕን መጽሐፍ እንደ አባቱ ቃል ይቆጥረዋል። የዚህ ሁሉ ምንጭ አንድ አገር አልባ ሰው ሲሆን፣ መንገዱም ያ ሰው ያውቅ የነበረውን ጠይቆ የጻፈ አንድ ሐኪም ነው። ፖፕ ባይጠይቅ፣ ኢሺም ባያሳይ፣ የያሂ ቀስት ከኢሺ ጋር በተቀበረ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው የሳይንስ ሥራ ነው። ቀስተኞች ለብዙ ዘመን አንድ እንቆቅልሽ ነበረባቸው። ፍላጻው በቀስቱ ጎን ተደግፎ ስለሚቀመጥ አቅጣጫው በጥቂቱ ወደ ጎን ነው፤ ሲለቀቅ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በ1930ዎቹ ዓመታት ክላረንስ ሂክማን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በፈጣን የፊልም መሣሪያ አነሣው። ፍላጻው ሲለቀቅ እንደ ዓሣ እየተጣጠፈ ቀስቱን ዞሮ ያልፋል፤ ከዚያም ይቃናል። ስለዚህ የፍላጻው እንጨት ከቀስቱ ጋር መመጣጠን አለበት። ቀኝ እጁ የሚስብ ሰው እንጨቱ ከመጠን በላይ ደረቅ ከሆነበት ፍላጻው ወደ ግራ፣ ከመጠን በላይ ልል ከሆነበት ወደ ቀኝ ይሄድበታል። በአንድ አፎት ያሉ ፍላጻዎች ክብደታቸውና ልስላሴያቸው የተለያየ ከሆነ፣ እጁ የማይሳሳት ቀስተኛ እንኳ ይስታል። የጥንት ፍላጻ ሠሪዎች እንጨቱን በጣታቸው እያጎበጡ አንዱን ከሌላው የሚለዩት በዚህ ምክንያት ነበር። ሳይንስ የነገረን ምክንያቱን ነው፤ ሥራውን ጣታቸው አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

ቀጥሎም በአሜሪካ የሚዙሪ ሰው የሆነው ሆለስ ዊልበር አለን በቀስቱ ጫፎች ላይ መዘውር ገጠመበት። ለፈጠራው መብት በ1966 አመልክቶ በ1969 መጨረሻ ተሰጠው። መዘውሩ አውታሩ መጀመሪያ ሲሳብ ከባድ፣ ተስቦ ሲያልቅ ግን ቀላል እንዲሆን ያደርገዋል። ቀስተኛው እጁ ሳይንቀጠቀጥ ረጋ ብሎ ያነጣጥራል። ዛሬ ማነጣጠሪያና የርቀት መለኪያ መብራትም ተጨምሮለታል። ይሁን እንጂ አስከም በበረዶ ላይ ያየው ነፋስ አሁንም ይነፍሳል፤ ድኩላውም አንድ እርምጃ ከመራመድ የሚያግደው መሣሪያ የለም።

ወደዚህ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ስንመለስ ደግሞ የዋታን ሕዝብ እናገኛለን። በኬንያ ከጻቮ እስከ ባሕር ጠረፍ የሚኖሩት ዋታዎች ከኦሮምኛ ወገን የሆነ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በዝሆን አደን የታወቁ ነበሩ። ቀስታቸው እጅግ ረጅምና ከባድ ነው። ተስቦ ሲለካ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ይገኝበታል፤ ከጥንቱ የእንግሊዝ የጦር ቀስት የሚስተካከል ነው። እንዲህ ያለ ቀስት ያለው ሰው ከሩቅ ቢወረውር ያምርበት ነበር። እነርሱ ግን ወደ ዝሆኑ በጣም ይጠጋሉ። የቀስቱ ጉልበት ለርቀት የተዘጋጀ አይደለም፤ ወፍራሙን ቆዳ ለመብሳት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መርዙ ይሠራዋል። መርዙ የሚፈላው እኛ በአማርኛ መረንዝ ከምንለው ዛፍ ወገን ነው። በውስጡ ያለውን ንጥረ ነገር ፈረንሳዊው አርኖ በ1888 ዓ.ም. ለይቶ ሲያወጣው ሱማሌዎች ዛፉን በሚጠሩበት ስም «ዋባይን» ተባለ። በኋላም ዝሆን የሚጥለው ይህ መርዝ በጥቂቱ እየተመጠነ ለልብ ሕመም መድኃኒት ሆኖ አገልግሏል።

በጻቮ የዱር አራዊት ጥበቃ ክልል ከተቋቋመ በኋላ በ1956ና በ1957 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ ብዙ የዋታ አዳኞች ተይዘው ታሰሩ። በ1977 ደግሞ አደን በኬንያ ምድር በሙሉ ተከለከለ። ዝሆኖቹ መጠበቅ ነበረባቸው፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን ያን ከባድ ቀስት የሚጠርበው፣ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያነበው፣ ዱካ የሚከተለው ሰው ወህኒ ሲወርድ ልጁ ከማን ይማር? ዋታን በውልደቱ አዳኝ ያደረገው ነገር ቢኖር ኖሮ እስራት ባልጎዳው ነበር። የጎዳው አባት ልጁን ይዞ ወደ ጫካ የሚወጣበት መንገድ ስለተዘጋ ነው።

እንግዲህ ከኑቢያ ቀለበት እስከ ዋታ ቀስት ያየነው አንድ ነገር ነው። ከሩቅ መምታት የጎሣ ስጦታ አይደለም። አቋቋምን፣ አሳሳብንና አለቃቀቅን መድገም፣ የፍላጻን እንጨት መመጣጠን፣ ርቀትንና ነፋስን ማንበብ፣ የራስንም ልክ ማወቅ ነው። ሰው ይህን ሁሉ ከሰው ይማረዋል። በመካከል አንድ ትውልድ ሲቋረጥ ይጠፋል። በእንግሊዝ ያጠፋው የማንም ጠላት አልነበረም፤ አባቶች ልጆቻቸውን ማስተማር ስለተዉ ብቻ ጠፋ። በካሊፎርኒያ ግን ሕዝቡ እንኳ አልቆ፣ አንዱ ጠያቂ ሌላው መላሽ ስለሆኑ ዳነ።

በዚህ ሠፈር ስንት ዓይነት ዕውቀት ተቀምጧል? ሞፈርና ቀንበር ጠርቦ የሚያስተካክል ገበሬ አለ። ሸማ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቅኔ የሚዘርፍ፣ በገና የሚደረድር አለ። ጥጥ በደጋን የምትነድፍ እናትም አለች። ልጆቻችን ግን ብዙዎቹ እዚሁ ተወለዱ፤ ሞፈር ሲጠረብ አላዩም፤ ደጋን ሲነዝር አልሰሙም። «በደማቸው አለ፤ ሲመለሱ ያውቁታል» ብለን ብንቀመጥ ራሳችንን እንሸነግላለን። የሁለት መቶ ሜትሩ ቀስተኛ በደም አልተመለሰም።

ስለዚህ ሙያ ያላችሁ አዛውንቶችና እናቶች ሙያችሁን እንደ አስከም በአምስትም ሆነ በስድስት ከፍላችሁ ንገሩን። መጀመሪያ ምን ይደረጋል? ቀጥሎስ? እጅ የሚሳሳተው የት ላይ ነው? ማንበብና መጻፍ የማትችሉ ብትሆኑ እኛ መጥተን እንጽፍላችኋለን። ወጣቶች ደግሞ እንደ ፖፕ ጠያቂ ሁኑ፤ ከጥያቄም አልፋችሁ በእጃችሁ ሞክሩት። ሐኪሙ ቀስት መጥረብ የተማረው ኢሺን አይቶ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ጠርቦ፣ ሰብሮ፣ እንደገና ጠርቦ ነው። በሚቀጥለው ወር ቅጠላችን ላይ ስለ ሞፈር አጠራረብ የሚተርክልን የመጀመሪያው ማን እንደሚሆን እንጠብቃለን።